ሹመት ያዳብር ከማለታችን በፊት፦ ስለ ከንቲባ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎጃም ውስጥ አዲስ ከንቲባ ሲሾም ወሬው ከደብዳቤው ይቀድማል። ማርቆስ መናኸሪያ፣ ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር፣ ቡሬ ገበያ፣ ሞጣ ጠጅ ቤት፣ የትም ብትቀመጡ ጥያቄው አንድ ነው። እኔ የማዘጋጃ ቤት ደጅ ለዓመታት የጠናሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ጎረቤት «አንተ ታውቀዋለህ» እያለ ይጠይቀኛል። የሰፈር ጥያቄዎቹን ከነመልሳቸው አስቀምጫለሁ። ስለ አንድ ከንቲባ አይደለም የምጽፈው፤ ስለ ወንበሩ ነው።

የየት ሰው ነው?

ሁልጊዜም የመጀመሪያው ጥያቄ ይኼ ነው። ሜጫ ነው ወይስ ዳሞት? ቢቸና ነው ወይስ አቸፈር? አባቱ ማን ይባላል? የሰፈራችን አያ አንዱ ይህን ሳያጣራ ቡናውን አይጨርስም።

ጥያቄው ከንቱ ነው አልልም። የከተማው ልጅ የትኛው ሰፈር ክረምት እንደሚጠለቅ፣ የትኛው ቦኖ በጋ ላይ እንደሚደርቅ ካርታ ሳይዘረጋ ያውቃል። በዚያው ልክ ግን የአክስት ልጅ አለው፣ አብሮ አደግ አለው፣ የጽዋ ማኅበርተኛ አለው። ሁሉም ደግሞ ቦታ ይፈልጋል። ከሌላ ወረዳ የመጣው ይሉኝታ አይዘውም፤ ከተማውን ለማወቅ ግን አንድ ዓመት ይፈጅበታል። እስኪያውቀው ድረስ ደግሞ ይቀየራል።

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ከዚህ በፊት የት ሠርቷል? ከዚያ ሲነሳ ምን ትቶ ሄደ? ይህን ማወቅ ከባድ አይደለም። የጎጃም ሰው በየከተማው ዘመድ አለው። ቀድሞ የሠራበት ከተማ ያለ ሰው ጋ ስልክ ደውሉ። «ቢሮው በር ላይ ሰው ይቆም ነበር ወይ? ሲያስገባውስ ይሰማ ነበር ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የአሥር ደቂቃ ወሬ ነው። በሹመቱ ዕለት ከሚነበበው የሕይወት ታሪክ ግን ይበልጣል። ያ የሚነበበው ጽሑፍ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ እዚህ ተወለደ፣ እዚያ ተማረ፣ በዚህ ጽሕፈት ቤት በኃላፊነት አገለገለ። ምን እንደሠራ አይናገርም።

«ከንቲባ» የሚለው ስም ከየት መጣ?

የድሮ የጎንደር ማዕረግ ነው። ዘመናዊው የማዘጋጃ ቤት አሠራር በሕግ የቆመው በ1937 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 74 ነው። አዋጁ አዲስ አበባንና ጎንደርን ለብቻ ሲያስቀምጣቸው የቀሩትን ከተሞች በሌላ ተርታ መድቧቸዋል። የጎጃም ከተሞችም ከቀሩት ውስጥ ነበሩ። ማርቆሶች ይህን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል። ቅሬታቸው ይገባኛል። ደጃዝማች ተድላ ጓሉ በ1845 ዓ.ም. ገደማ የቆረቆሯት መንቆረር፣ በኋላ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ደብረ ማርቆስ የተባለችው፣ የጎጃም መዲና ነበረች። ዛሬ የክልሉ መቀመጫ ባሕር ዳር ነው። «ተረስተናል» የሚለው ስሜት አሁንም ማርቆስ ውስጥ አለ፤ አዲስ ከንቲባ በመጣ ቁጥርም ይነሳል።

የምንመርጠው እኛ ነን?

በቀጥታ አይደለም። የክልሉ የከተሞች አዋጅ፣ ቁጥር 91/1996፣ መንገዱን ያስቀምጠዋል። ሕዝብ የከተማውን ምክር ቤት ይመርጣል። ምክር ቤቱ ደግሞ ከንቲባውን ይሰይማል። ተጠሪነቱም ለምክር ቤቱ ነው። ወረቀቱ ላይ ያማረ ነው።

በተግባር ሰውየውን የሚያቀርበው ወንበሩን የያዘው ፓርቲ ነው። ምክር ቤቱ እጅ ያወጣል፣ ይጨበጨባል፣ ቃለ መሐላ ይፈጸማል። ሌላም ችግር አለ። የከተማና የወረዳ ምክር ቤቶች ምርጫ በ2005 ዓ.ም. ተደረገ። በ2010 ሊደረግ የነበረው ተራዘመ። በ2013ቱ ጠቅላላ ምርጫ ደግሞ ለፌዴራልና ለክልል ምክር ቤት ድምፅ ሰጠን፤ ለከተማችን ምክር ቤት ግን አልሰጠንም። እና ከንቲባውን ይቆጣጠራል የተባለው አካል ራሱ ዕድሜው የገፋ ሆነ። እስቲ ጎረቤታችሁን «የሰፈርህ የምክር ቤት አባል ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። እኔ ሰባት ሰው ጠይቄ አንድ ብቻ መለሰልኝ። እሱም የጠራው ሰው ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነበር።

የተማረ መሆን የለበትም?

ዲግሪ ጥሩ ነው። ቦይ ግን አይቆፍርም። ከዩኒቨርሲቲ መጥተው ጥሩ የሠሩ አሉ፤ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ተነስተው የሠሩም አሉ። ለእኔ መለኪያው አንድ ነው፤ በጀት አንብቦ መረዳት ይችላል ወይ? ይህን የማይችል ከንቲባ የሚፈርመው የሂሳብ ሠራተኛው የሰጠውን ነው።

ሥራ አስኪያጁስ ምንድን ነው?

ከንቲባው የፖለቲካ ሰው ነው። ሥራ አስኪያጁ የማዘጋጃ ቤቱን አገልግሎት ያንቀሳቅሳል፤ ቆሻሻውን፣ መንገዱን፣ ቄራውን፣ የመቃብር ቦታውን። ጉዳያችሁ የጉድጓድ ክዳን ከሆነ ከንቲባው ጋ አትሂዱ።

መብራት ሲጠፋ፣ አስፋልቱ ሲቦረቦር ለምን ዝም ይላል?

አንዳንዴ ሰነፍ ስለሆነ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የእሱ በር ስላልሆነ ነው። እኛ ሁሉንም ነገር ከንቲባው ላይ እንጥላለን። እሱም ሁሉንም ቃል ይገባል። ጥፋቱ የሁለታችንም ነው።

መብራት የፌዴራል ተቋም ነው። ስልክና ኔትወርክም የከንቲባው አይደሉም። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደጀንን አልፎ፣ ማርቆስን ሰንጥቆ፣ በቡሬ በኩል ባሕር ዳር የሚገባው ዋናው መንገድ የፌዴራል ነው። በቢቸናና በሞጣ የሚዞረውም እንደዚያው። ባሕር ዳር ላይ ግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይም የፌዴራል መንግሥት ሥራ ነው። በጣም የሚያምር ድልድይ ነው። ከንቲባ «እኔ ሠራሁት» ቢላችሁ ፈገግ በሉና እለፉት። ዩኒቨርሲቲዎቹ የፌዴራል ናቸው፤ ትልልቆቹ ሆስፒታሎች በአብዛኛው የክልሉ።

ታዲያ የእሱ ምንድን ነው? የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ኮብልስቶኑ፣ የጎርፍ መውረጃው፣ ቆሻሻው፣ ገበያው፣ የግንባታ ፈቃዱ፣ የመሬት ፋይሉ፣ የመጀመሪያና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ የባጃጅ መቆሚያው። የቧንቧ ውኃውም እጁ አለበት። የውኃ አገልግሎቱ የራሱ ሥራ አመራር ቦርድ አለው፤ ብዙ ቦታ ቦርዱን የሚመራው ከንቲባው ነው። ስለዚህ ውኃ ሲጠፋ «የእኔ አይደለም» ካላችሁ አትቀበሉት።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ሁለት ኪስ አለው። አንደኛው ኪስ መደበኛው በጀት ነው። ግብርና የክልሉ ድጎማ ይገቡበታል፤ የመምህሩና የነርሷ ደመወዝ፣ የየጽሕፈት ቤቱ ወጪ ይወጡበታል። ከዚህ ኪስ ደመወዝ ተከፍሎ የሚተርፈው ለአስፋልት አይበቃም።

ሁለተኛው ኪስ የማዘጋጃ ቤቱ ገቢ ነው። የሊዝ ክፍያ፣ የቦታ ኪራይ፣ የጣራና ግድግዳ ግብር፣ የገበያ መደብ፣ የቄራ፣ የፈቃድና የአገልግሎት ክፍያ ሁሉ እዚህ ይገባል። ቦዩም፣ ኮብልስቶኑም፣ የመንገድ መብራቱም የሚሠሩት ከዚህ ነው። ከዚህ ሌላ የዓለም ባንክ የደገፈው የከተሞች መሠረተ ልማት ፕሮግራም ነበር። በአገሪቱ 117 ከተሞችን ያቀፈ ነበር፤ ባሕር ዳርም ነበረችበት። ገንዘቡ የሚለቀቀው ከተማው ሲመዘን ነበር። ሂሳቡ በጊዜው ኦዲት ተደርጓል ወይ፣ ዕቅዱ ተሠርቷል ወይ እየተባለ። ይህን አሠራር ወድጄዋለሁ። ሰው የማይፈራ ከንቲባ ነጥብ ሲፈራ አይቻለሁ።

ችግሩ ሁለተኛው ኪስ በመሬት ላይ መንጠልጠሉ ነው። ከተማው ገንዘብ ሲያጥረው መሬት ለጨረታ ያወጣል። መሬቱ ደግሞ ከየት ይመጣል? ከገበሬው።

በጀቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ የሚዘጋው ሰኔ 30። ግንቦትና ሰኔ ላይ ከተማው ድንገት በቁፋሮ ሲታመስ ካያችሁ ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን ሩጫ ነው። ያኔ ደግሞ ክረምቱ ይገባል። ኮብልስቶኑ በጭቃ ላይ ይነጠፋል። በመስከረም ይነቀላል።

ለምንድን ነው ሁሉም ነገር መጨረሻው መሬት የሚሆነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የከንቲባ ማንነት የሚታየው እዚህ ነው።

በመጀመሪያ የእኔን። በአንድ ከተማ፣ ስሟን ልተወውና፣ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ለማውጣት አመለከትኩ። ከሦስት ወር በኋላ ስሄድ «ፋይልህ አልተገኘም» ተባልኩ። ፎቶ ኮፒ ነበረኝ፤ ድጋሚ አስገባሁ። ቀጥሎ «ሲስተም የለም» ሆነ። ቀጥሎ ባለሙያው ስብሰባ ገባ። ስብሰባው ሁለት ሳምንት ፈጀ። አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ የማላውቀው ሰው ጠጋ ብሎ «ወንድም ጋሼ፣ ፋይሎ እንዲገኝ ይፈልጋሉ?» አለኝ። መፈለጉንማ እፈልጋለሁ። ዋጋውን ሲነግረኝ ግን ወጣሁ። ብር ቢኖረኝ እከፍል ነበር ወይ? እውነቱን ልናገር፣ አላውቅም። ደክሞኝ ነበር።

አሁን የሕጉን። የከተማ ቦታ የሚያዘው በሊዝ ነው። የ2004ቱ አዋጅ፣ ቁጥር 721፣ ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ይሰጣል። ቦታው በጨረታ ወይም በምደባ ይገኛል። ጨረታው ለባለ ገንዘብ ነው። ምደባው ለማን እንደሚሰጥ የሚያየው አስተዳደሩ ነው። የመኖሪያ ቤት ማኅበር አባል ሆኖ ዓመታት የጠበቀ መምህር፣ ከንቲባ በተቀየረ ቁጥር ልቡ የሚሰቀለው ለዚህ ነው። መጠበቅ የሰለቸው ደግሞ ከከተማው ዳር ከገበሬ ላይ በውል ይገዛና በሌሊት ጨረቃ ቤት ይሠራል። ከዚያ ግሬደር ይመጣል። ከዚያ ለቅሶ ነው።

ከወዲያኛው ወገን ገበሬው አለ። ማርቆስ ስትሰፋ የጎዛምን ገበሬ ይነሳል። ባሕር ዳር ስትሰፋ የዘንዘልማ ገበሬ። የ2011ዱ የካሳ አዋጅ፣ ቁጥር 1161፣ ከበፊቱ የተሻለ ነው። ገበሬው በቋሚነት ከተነሳ ካሳው ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የአንድ ዓመት ገቢ ተወስዶ በ15 ተባዝቶ ይሰላል። በድሮው አዋጅ ማባዣው 10 ነበር፤ ያውም የአምስት ዓመት አማካይ ተይዞ። ካሳው ሳይከፈል ወይም ምትክ ሳይሰጥ ማስነሳት አይቻልም። ያም ሆኖ የጤፍ ዋጋ በየወሩ እየዘለለ ባለበት አገር፣ አንዴ የተከፈለ ብር ምን ያህል ዓመት ያቆያል? ልጆቹስ? ካሳውን ተቀብለው፣ ሁለት ባጃጅ ገዝተው፣ ባጃጁ ሲያረጅ ቀን ሠራተኛ የሆኑ ሰዎች አውቃለሁ።

ደግሞ ጎጃም ነው። መሬት ሲነካ ዝም የሚል አገር አይደለም። በ1960 ዓ.ም. ገበሬው በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሲያምፅ፣ ከግብሩ በላይ ያስቆጣው መሬቴ ሊለካ ነው፣ ርስቴ ሊነካ ነው የሚለው ስጋት ነበር። መጨረሻው የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው መነሳት ሆነ። ሜትር ይዞ ማሳ ላይ የሚወርድ ከንቲባ ይህን ቢያስታውስ አይከፋም።

እሺ፣ ቅድሚያ መስጠት ያለበት ለምንድን ነው?

ከተማው ይወስነዋል። የሁሉም ከንቲባ ንግግር ግን አንድ ዓይነት ነው፦ ሰላም፣ መልካም አስተዳደር፣ የሥራ ዕድል፣ ኢንቨስትመንት። ማርቆስ ላይ የተነበበው ፍኖተ ሰላም ላይ ቢነበብ ማንም አይነቃም።

ባሕር ዳር ብሆን ከሐይቁ እጀምራለሁ። ከተማው በጣና ይኮራል፤ ፍሳሹን ደግሞ ወደ ጣና ይለቃል። እምቦጩን ሁላችንም እናወግዛለን። አረሙ የሚመገበው ግን ወደ ሐይቁ የሚገባውን ቆሻሻና ደለል ነው። ሐይቅ ዳር ተኝታ ጀሪካን የምታሰልፍ ከተማ መሆኗም ያሳፍራል።

ማርቆስ ብሆን ቦይ። ከፍታዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፣ ዝናቡ አይጣል፣ አፈሩ ቀይ ጭቃ። ቦይ የሌለው ኮብልስቶን ሁለት ክረምት አይሻገርም። ቦይ ግን አይመረቅም፣ ሪባን አይቆረጥበትም፣ ለቴሌቪዥን አይመችም። ለዚህ ነው የማይሠራው።

ቡሬ ሌላ ናት። የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ የዘይት ፋብሪካ አላት። ሠራተኛው የት ያድራል? የቤት ኪራዩ ስንት ገባ? ሌሊት ከፈረቃ የምትወጣ ልጅ በምን መንገድ ትሄዳለች፣ መብራት አለው ወይ? ቡሬ ላይ የመንገድ መብራት ከአደባባይ ሐውልት ይቀድማል።

ለሁሉም የሚሆን አንድ ነገር ካላችሁኝ፦ የመሬት ፋይሉን ኮምፒዩተር ውስጥ አስገብቶ፣ ተራውን ለሕዝብ መለጠፍ። ብዙ ብር አይፈልግም። የሚፈልገው ጠላት ለማፍራት መቁረጥ ነው።

የኮሪደር ልማቱን ትቃወማለህ?

አልቃወምም። ባሕር ዳር ላይ ሰው ማታ ማታ ሲንሸራሸር ሳይ ደስ ይለኛል። ሁለት ጥያቄ ግን አለኝ። ከእግረኛው መንገድ ሥር አዲስ የውኃ ቧንቧና የፍሳሽ መስመር ተቀብሯል ወይስ በዓመቱ ልትቆፍሩት ነው? ከመንገዱ ዳር የተነሳችው እትዬ ሻይ ሻጯስ አሁን የት ናት?

በዚህ ጊዜ ከንቲባ ምን ማድረግ ይችላል?

ከባድ ጥያቄ ነው። ከሐምሌ 2015 ወዲህ ክልሉ ያለበትን ሁኔታ ሁላችንም እየኖርንበት ነው። መንገድ ይዘጋል፣ ኮንትራክተር ሥራውን ትቶ ይሄዳል፣ ገቢ ይቀንሳል፣ ወንበሩም ራሱ አስፈሪ ሆኗል። ከንቲባን በሰላሙ ጊዜ መለኪያ መለካት አይገባም። ቢሆንም ውኃ ማስተካከል፣ ጤና ጣቢያው መድኃኒት እንዳያልቅበት መከታተል፣ ሰው ሲታሰር ቤተሰቡ የት እንዳለ እንዲያውቅ መጠየቅ ይቻላል። ይህን ያደረገ በስም ይታወሳል።

አቤቱታ አለኝ፤ ከየት ልጀምር?

በቃል አትጀምሩ። «ነግሬዋለሁ እኮ» የትም አያደርስም። በአንድ ገጽ ጻፉ። መዝገብ ቤት አስገቡና ቁጥርና ቀን ያለበት ማኅተም ቅጂያችሁ ላይ አስመቱ። ያ ቁጥር ከአማላጅ ይበልጣል። መጀመሪያ ጉዳዩ ያለበት ጽሕፈት ቤት፣ ቀጥሎ ቅሬታ ሰሚው፣ ቀጥሎ የከንቲባው ቢሮ። የባለ ጉዳይ ቀን ካለ በጠዋት ድረሱ። ከቦታ የመነሳት ትእዛዝ ደርሷችሁ ከሆነ ግን ጊዜ አትስጡ፤ ለአቤቱታ ሰሚው ማመልከቻ የምታስገቡት በ30 ቀን ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ሽማግሌ ሲልክ ቀኑ ያልፍበታል። የከተማው መንገድ ካለቀ የእንባ ጠባቂ ተቋም አለ።

ማር ይዤ ብሄድስ?

አይሆንም። የጎጃም ማር ለእንግዳ ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባል የለ? ማን ከማን ይሻላል?

ይባላል። ይህን ተረት ሰዎች በኩራት ሲጠቅሱት ስሰማ ይገርመኛል። የተሾመው ቢበላ የተበላው የማን ነው? እኛ ራሳችን ሳይበላ የወረደውን «ሞኝ» ስንለው ሰምቻለሁ። የጎረቤቴ የቀድሞ አለቃ በኪራይ ቤት ገብቶ በኪራይ ቤት ወጣ። ሰፈሩ እስከ ዛሬ ይስቅበታል።

ከንቲባው ዕቅዱን ሳይጨርስ ቢቀየርስ?

ይቀየራል። ልመዱት። ማየት ያለባችሁ ርክክቡን ነው። የተጀመሩት ሥራዎች፣ የተከፈለው ቅድመ ክፍያ፣ ያልተፈቱት አቤቱታዎች በጽሑፍ ለተተኪው ይተላለፋሉ ወይ? ካልተላለፉ አዲሱ «እኔ አላውቅም» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ለዚህ ነው የማኅተም ቁጥር ያዙ የምለው። የእኔ ካርታ የወጣው በሦስተኛው ከንቲባ ዘመን ነው። ማመልከቻውን ያስገባሁት በመጀመሪያው ነበር። ሦስቱንም «ሹመት ያዳብር» ብያለሁ።